የተጠየቀውን ብቻ መልሺ

አንድ ረፋድ ብሩክ ከአዲስ አበባ ደወለልኝና «እትዬ የሺ፣ መስመሩን ልንዘጋው ነው። ከነገ ጀምሮ ጥያቄ አይመጣልሽም» አለኝ። ዓመታት የሠራሁለት አለቃዬ ነው፤ ፊቱን ግን አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። «ምነው?» አልኩት። «ሰው አሁን ኢንተርኔት ላይ ገብቶ ራሱ ነው የሚፈልገው» አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ ተባብለን ዘጋን። ሽኝት የለ፣ ጡረታ የለ፣ የሥራ ልምድ ወረቀት እንኳ የለ። ከሰዓት በኋላ ሽንኩርት ልገዛ ገበያ ወጣሁ።

ሥራዬ ቆቦ ውስጥ የታወቀ ስም አልነበረውም። ብሩክ «መላሾች» ይለን ነበር። ጥያቄ ያለው ሰው ከየትም ሆኖ ወደ አንድ አጭር ቁጥር መልእክት ይልካል። አዲስ አበባ ያለው ኮምፒውተር ጥያቄውን በየከተማው ለተበተንነው መላሾች ያድላል። የደረሰን ሰው መልሱን ጽፈን እንልካለን። ለጠያቂው ስማችን አይነገረውም፤ የእሱም ስልክ ቁጥር ለእኛ አይታየንም። ጅማ ስለ ቡና የሚመልስ ሰው ነበር፤ መቀሌ ውስጥም አንዲት ሴት ነበረች። እርስ በርስ ግን አንተዋወቅም።

መመለስን የተማርኩት ግን ከብሩክ አይደለም። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ቆቦ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። በዚያን ጊዜ ቤቱ ስልክ ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ከዋጃ፣ ከሮቢት፣ ከየገጠሩ የሚመጣው ሁሉ ስሙን አስመዝግቦ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። እኛ ገመዱን እየሰካን ደሴን ስንጠራ፣ ደሴም አዲስ አበባን ስትጠራ ግማሽ ቀን ያልፋል። የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ሥራው መጠየቅ ነው። አውቶቡስ በስንት ሰዓት ያልፋል? ጅዳ አሁን መሽቷል? ለማመልከቻ የስንት ብር ቴምብር ይለጠፋል? ላም የእንግዴ ልጁ አልወጣ ሲላት ምን ይደረጋል? የመንግሥት ወንበር ላይ ስለተቀመጥን ሁሉን የምናውቅ ይመስለዋል።

የፈረቃ አለቃዬ አያ ካሣ ይባላሉ። የላስታ ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑ። ተጠይቀው ወዲያው ሲመልሱ አይቻቸው አላውቅም። መጀመሪያ ጥያቄውን በጠያቂው በራሱ ቃል ይደግሙታል። ቀጥለው ሰውየውን ከእግሩ እስከ ራሱ ያዩታል። ከዚያ «ለማን ነው?» ይላሉ። ይህችን ሳይሉ መልስ ከአፋቸው አይወጣም።

አንድ ቀን ከዋጃ አንድ ጎልማሳ መጣና የደሴ አውቶቡስ መቼ እንደሚያልፍ ጠየቀኝ። እኔ ሰዓቱን ልነግረው አፌን ስከፍት አያ ካሣ ከኋላዬ «የደሴ አውቶቡስ መቼ ነው የሚያልፈው፣ ነው ያልከው?» አሉት። «አዎ ጌታዬ።» እግሩን አዩት። አንዱ እግሩ ላይ ብቻ ነው ጫማ ያለው። «ለማን ነው?» አሉት። ሰውየው «ለሚስቴ» አለ። ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ዘመዶቿ ደሴ ካልሆነ ብለውት ከዋጃ ወደ ቆቦ ሮጦ መምጣቱ ነው። አያ ካሣ ገመዱን ከእጄ ወስደው አላማጣ ሐኪም ቤት ደወሉና መኪና ለመኑለት። አላማጣ ለዋጃ ቅርብ ነው። ሴትዮዋም ልጁም ተረፉ። እኔ መልሼለት ቢሆን ኖሮ ትክክለኛውን ሰዓት ነበር የምነግረው።

«አየሽ የሺ፣» አሉኝ ያን ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ «ሰው የሚፈልገውን አይጠይቅም። የደፈረውን ነው የሚጠይቅ።»

ያላወቁትን ነገር ደግሞ ምሳቸውን ትተው ይፈልጉታል። መነኻሪያ ተራ አስከባሪው ጋ፣ የእንስሳት ሐኪሙ ጋ፣ አዋላጇ ጋ ይሄዳሉ። መልሱን ሲያገኙ በገበያው ቀን ጠያቂውን ፍለጋ በሰው መካከል ሲዞሩ አያቸው ነበር።

በኋላ አውቶማቲክ ስልኩ መጣ፤ ሞባይሉም ተከተለ። ገመድ የሚሰካ ሰው አላስፈለገም። አያ ካሣ ጡረታ ወጡ፤ እኔ ተቀነስኩ። አስፋልቱ ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራይቼ የሞባይል ካርድ መሸጥ ያዝኩ። ሰው ግን ካርዱን ፍቆ እየሞላ መጠየቁን አልተወም። ይህን የሰማ ሰው ነው መሰለኝ ቁጥሬን ለብሩክ የሰጠው።

«ከየአካባቢው ሰው የሚያምነው መላሽ እፈልጋለሁ» አለኝ ብሩክ። አማርኛዬ ላይ የእናቴ ትግርኛ አለ፤ ከገበያ የለቀምኩት ኦሮምኛም አለ። ራያን የሚያውቅ ሰው እኔ ሆንኩ። ደመወዝ የለውም፤ ክፍያው በመልስ ነው። በአውቶቡስ ሹፌር አንዲት ወረቀት ላከልኝና ፈርሜ መለስኩለት። ሕጉም ሦስት ነበር። መልሱ ከአንድ መልእክት አይበልጥም። መጨረሻው ላይ «ስለጠየቁን እናመሰግናለን» ተብሎ ይጻፋል። ጠያቂውን መልሶ መጠየቅ ክልክል ነው።

«እንዴት?» አልኩት።

«መልሰሽ ከጠየቅሽው ሌላ መልእክት ሊልክ ነው፤ ለሱም ወጪ ነው። ደግሞ ሁለተኛው ለሌላ መላሽ ነው የሚደርሰው። የተጠየቀውን ብቻ መልሺ፣ እትዬ የሺ።»

ይህን ለአያ ካሣ ስነግራቸው ዓይናቸው ሞራ ግርዶሽ ይዞት በራቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። «ሳትጠይቂ ትመልሻለሽ?» አሉኝ። «አዎ አያ።» ራሳቸውን ነቀነቁ። ቢሆንም የሚያስቸግር ጥያቄ ሲመጣ ይዤላቸው እሄዳለሁ፤ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል። ያን ጊዜ ሰዉ አማርኛውን የሚልከው በፈረንጅ ፊደል ነው። ጠ እና ተ አይለዩም፤ ቀ እና ከም እንደዚያው። አንድ ጊዜ «ልጄ ጠፋ ምን ላድርግ» የሚል ደረሰኝና ለፖሊስ አመልክቱ ብዬ ልጽፍ ስል፣ አያ ካሣ «እስቲ ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። «ጠፋ ነው፣ ተፋ ነው?» አሉኝ። እውነትም አይታወቅም። ለሁለቱም የሚሆን መልስ በአንድ መልእክት ውስጥ አጣበቅን፤ የጠፋ ከሆነ ይህን፣ የጠባውን እየተፋ ከሆነ ያን ብለን። የትኛው እንደነበረ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። በዚህ ሥራ ከመልሱ በኋላ የሚሆነው ነገር ለመላሽ አይነገረውም።

ሥራውን ወድጄው ነበር፤ አልዋሽም። ምሽት ላይ ሱቄን ዘግቼ ስቆጥር፣ ዛሬ ለሃያ ሰው መለስኩ እላለሁ። ለማን ነው የመለስኩት ብዬ ግን አላስብም።

አሁን ወደማልወደው ነገር ልምጣ።

የገበያ ቀን ነበር። ሱቄ ሰው ሞልቶታል፤ ስልኬ ጮኸ። ጥያቄው «በቆላ በእግር ለሚሄድ ሰው ለሁለት ቀን ስንት ሊትር ውሃ ይበቃል?» ይላል። እኔ አላውቅም፤ የሚያውቅ ሰው ግን ፊት ለፊቴ ነበር። ከአፋር አሞሌና ፍየል ይዞ የሚመጣ፣ ካርድ ከኔ የሚገዛ ነጋዴ ነው። አያ ካሣ እንዳስተማሩኝ ከሚያውቀው ጠየቅሁ።

«በእግር ለሚሄድ?» አለኝ። «ማታ ማታ ከሄደ፣ ጉድጓዱን ካወቀ፣ ለቀን ሦስት ሊትር ይበቃዋል። በፀሐይ ከሄደ ግን እኔን አትጠይቂኝ።»

እንዲህ አድርጌ ጻፍኩት፦ ማታ ለሚሄድና የውሃ ጉድጓድ ለሚያውቅ ሰው በቀን ሦስት ሊትር፣ ለሁለት ቀን ስድስት ሊትር ይበቃል፤ በፀሐይ ግን አይሄዱም። ምስጋናው ሲጨመርበት መልእክቱ ሞልቶ ፈሰሰ፤ አልሄድ አለኝ። ምስጋናውን ማንሳት አይፈቀድም። ደንበኛ ደግሞ «እትዬ፣ የአሥር ብር ካርድ!» እያለ ይጮኻል። ማታ የምትለዋን አጠፋሁ። አሁንም አልሄደም። ጉድጓዱን አጠፋሁ። ፀሐዩንም አጠፋሁ። «ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር፣ ለሁለት ቀን 6 ሊትር ውሃ ይበቃል። ስለጠየቁን እናመሰግናለን።» ሄደ። የጨው ነጋዴ ወይ የመኪና ረዳት ነው ብዬ ገምቼ ነበር። ወደ ካርዴ ተመለስኩ።

ሦስት ወር ያህል አለፈ። አንድ ቀን ጠዋት ጥቁር የለበሰች ሴት ሱቄ በር ላይ ቆመች። ወይዘሮ ብርቄ ትባላለች፤ ከሮቢት ነው የመጣችው። ከነጠላዋ ስር በፌስታል የተጠቀለለ ስልክ አወጣች።

«የስልክ መላሿ አንቺ ነሽ አሉኝ።»

«ነኝ እቴ። ግቢ።»

አልገባችም። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ይሄን አንብቢልኝ» አለችና ስልኩን ሰጠችኝ።

አነበብኩት። የራሴ መልስ ነበር።

«ስድስት ሊትር ነው የሚል?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ይበቃል ነው የሚል?»

«አዎ።»

ከዚያ እዚያው በር ላይ እንደቆመች ነገረችኝ። ልጇ ትርንጎ ትባላለች፤ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ቤት ተቀምጣ ነበር። አንድ ደላላ ከሌሎች አራት ልጆች ጋር በአፋር በኩል ወደ ባሕሩ፣ ከዚያም ወደ ሳውዲ ሊወስዳቸው ተስማማ። ሁለት ቀን በእግር ናችሁ አላቸው። ሁለቱ ቀን አምስት ሆነ፤ በሁለተኛው ቀን ደላላው ጥሏቸው ጠፋ። መንገዱን ስለማያውቁት በፀሐይ ሄዱ። ትርንጎ አልተመለሰችም። ስልኳን ይዞ የመጣው አብሯት ከሄዱት አንዱ ነው።

«ሌሎቹ ሁለት ሁለት ሊትር ነው የያዙት አለኝ ልጁ» አለች ወይዘሮ ብርቄ። «እሷ ግን ጠይቄያለሁ ብላ ስድስት ያዘች። ሌሎቹ ሲያልቅባቸው ከሷ ጠጡ። ማን ነው ይሄን የጻፈላት?»

ልናገር ነበር። አፌ ግን ሌላ ነገር አወጣ። «ብዙ ነን እቴ። በየአገሩ አለን። ማን እንደጻፈው አይነገርም።»

አንዱም ቃል ውሸት አልነበረበትም፤ ጠቅላላው ግን ውሸት ነበር። ትንሽ አየችኝ። ስልኩን ተቀብላኝ በፌስታሉ ጠቀለለችውና «እግዜር ይስጥሽ» ብላ ወደ ሮቢት መኪና ሄደች። ስላነበብኩላት አመስግናኝ ነው የሄደችው።

አያ ካሣ ጋ የሄድኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቶ ስለነበር ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዙረው ሰሙኝ።

«ምን ብላ ጠየቀችሽ?»

«ስንት ሊትር ውሃ ይበቃል ብላ።»

«አንቺስ ምን ብለሽ ጠየቅሻት?»

አብሽሪ እንዲሉኝ ጠበቅሁ፤ አላሉኝም።

«አልጠየቅኳትም አያ።»

«ሂጂና ለእናቷ ንገሪያት» አሉኝ። «እስክትነግሪያት እኔ ጋ አትምጪ።»

ባዶ እጄን መሄድ ፈራሁ። ብሩክ ጋ ደወልኩና የውሃው ጥያቄ ከተላከበት ቁጥር የመጣውን ጥያቄ ሁሉ እንዲነግረኝ ለመንኩት። «የደንበኛ ምስጢር ነው፤ አይሆንም» አለኝ። «ደንበኛህ ሞታለች ልጄ» አልኩት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ። «ወረቀት ያዢ» አለኝ።

ዘጠኝ ነበሩ። በአንድ ወር ውስጥ የተላኩ ናቸው። እኔ ያየሁት አንዱን ብቻ ነው፤ ስምንቱ ለሌሎች መላሾች ነው የታደሉት። ብሩክ ሲያነብልኝ ድምፁ እየቀነሰ ሄደ። እኔም በእስክሪብቶ ጻፍኩ።

ፓስፖርት ለማውጣት ስንት ዓመት መሙላት አለበት? ብዙ መንገድ ለሚሄድ ምን ዓይነት ጫማ ይሻላል? ጉልበት ለሚያማት ሴት መድኃኒቱ ምንድን ነው፣ ከዓረብ አገርስ መላክ ይቻላል? ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው ጀልባ ላይ ምን ይሆናል? ደክሞኛል በዓረብኛ ምን ይባላል? ከሚሌ በኋላ ስልክ ይሠራል? የሰው ቤት ሠራተኛ በስንት ወር አንዴ እናቷ ጋ ትደውላለች? ስምንተኛው የኔው፣ የውሃው ነው። የመጨረሻው ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ሰው እናቱን ሳይሰናበት ቢሄድ ኃጢአት ይሆንበታል?

«ለዚህ ምን ተብሎ ተመለሰላት?» አልኩት።

«‹መስመሩ የሃይማኖት ጥያቄ አያስተናግድም፤ ስለጠየቁን እናመሰግናለን›» አለኝ ብሩክ።

ዘጠኙም በየደረሱበት በትክክል ተመልሰዋል። ማንም አልተሳሳተም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ያቺ ልጅ ስልክ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ከዘጠኙ ሁለቱን ብቻ ብትጠይቅ፣ አያ ካሣ ሦስተኛውን ሳያስጠይቋት እጇን ይዘው ወደ እናቷ ይመልሷት ነበር። እኛ ግን በዘጠኝ አገር ተከፋፍለን ላክናት።

ሮቢት ስደርስ ወይዘሮ ብርቄ ደጇ ላይ ማሽላ እየፈለፈለች ነበር። ቁጭ በይ ብላኝ ሳልቀመጥ ነገርኳት። «የውሃውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ዋሽቼሻለሁ። የነገረኝ ሰው ማታ ለሚሄድ፣ ጉድጓድ ለሚያውቅ ብሎኝ ነበር፤ እሱን ቆርጬ አወጣሁት።»

እጇ ማሽላው ላይ ቆመ። ትጮሃለች ብዬ ነበር። ትመታኛለች ብዬም ነበር፤ ብትመታኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ለምን ቆረጥሽው?»

«አልበቃ ብሎኝ ነው። ቦታ የለውም።»

«ቦታ የለውም» አለች፣ እንደማይገባት የሰው አገር ቋንቋ ቀስ ብላ ደግማው።

ወረቀቱን አወጣሁ። «የጠየቀችውን ሁሉ ይዤልሽ መጥቻለሁ። ላንብብልሽ?» አልኳት። ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። አንድ በአንድ አነበብኩ። የጉልበቱ መድኃኒት ላይ ስደርስ እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች። «ደክሞኛል» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። የመጨረሻውን ሳነብ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች፤ ከውስጥ ሆና ነው የተናገረችው።

«ይሄን ሁሉ የማታውቀውን ሰው ጠይቃ፣» አለች፣ «ምነው እኔን አንድ ጊዜ ብትጠይቀኝ?»

ወረቀቱን ጠይቃኝ ተቀበለችኝና ማንበብ ባትችልም አጥፋ መቀነቷ ውስጥ አደረገችው። እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ከዚያ በኋላም መመለሱን አልተውኩም። የሚያጠራጥረኝ ጥያቄ ሲደርሰኝ ግን በመልሱ ፋንታ የራሴን ስልክ ቁጥር ጽፌ «ደውሉልኝ» እላለሁ። ደንብ ማፍረስ ነው፤ ብሩክም ሁለት ጊዜ አስጠንቅቆኛል። የሚደርሰኝ ጥያቄ እያነሰ ሄደ። ከሚደውሉልኝ አብዛኞቹ በእርግጥም ሌላ ነገር የሚፈልጉ አልነበሩም፤ የጠየቁትን ብቻ ነበር የፈለጉት። ሁለት ልጆች ግን ደውለውልኝ ስደቱን ትተው ቤታቸው ቀርተዋል። ይህን የምናገረው ሚዛን ያነሳልኛል ብዬ አይደለም። አያ ካሣም እነዚህን ሁለቱን ሲሰሙ «ደግ» ከማለት በቀር ምንም ሳይጨምሩ በዚያው ዓመት አረፉ።

ወይዘሮ ብርቄ ትደውልልኛለች። መጀመሪያ የደወለችው ከዓመት በኋላ ነው፤ የማዳበሪያ ወረፋ መቼ እንደሆነ ልትጠይቀኝ። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ነገር ትጠይቀኛለች። ፍልሰታ መቼ ይገባል፣ ለጉልበት የሚቀባው ምን ይባላል፣ የወልድያ መኪና ተወደደ ወይ። አብዛኛውን ጎረቤቷ ሊነግራት የሚችለው ነው። መስመሩ ከተዘጋ በኋላ ከሰው ሁሉ የምትጠይቀኝ እሷ ብቻ ቀረች።

ባለፈው ሰኞ ደወለችና እንደ ወትሮው ስለ ዝናቡ አወራን። ልንዘጋ ስንል «የሺ» አለችኝ።

«አቤት።»

«ሰው በውሃ ጥም ሲሞት ያመዋል?»

ይህን ጥያቄ እኔ ከሷ ቀድሜ ጠይቄው ነበር። ከሮቢት በተመለስኩ ሰሞን ጤና ጣቢያ የምትሠራ አንዲት ነርስ ጋ ሄጄ፣ ለመስማት እርግጠኛ ነሽ ወይ ብላኝ፣ አዎ ብያት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነግራኛለች። ከምላሱ ጀምሮ በስንተኛው ሰዓት ምን እንደሚሆን አውቀዋለሁ። ረስቼው አላውቅም።

«አላውቅም እቴ» አልኳት።

«አታውቂም?»

«አላውቅም።»

«ደግ» አለችና ስልኩን ዘጋችው።